44 ሲከፈል፦ የአንዲት የራውቲንግ መስመር ጉዳይ

ጁላይ 18 ቀን 2019 (እዚህ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በየአገሩ የሚገኙ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ያልጠበቁት ዜና ደረሳቸው። ከ1981 ጀምሮ የእነርሱ ብቻ ሆኖ የኖረው፣ በ44 የሚጀምረው የኢንተርኔት አድራሻ ብሎክ ከእንግዲህ ሙሉ አይደለም። ከ44.192.0.0 እስከ 44.255.255.255 ያለው ሩቡ ለአማዞን ተሸጧል። በቁጥር 4,194,304 አድራሻ ማለት ነው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ ተባለ፤ ስለዚያም በኋላ ጥቂት እላለሁ። ኔትወርክ በማዋቀር እንጀራዬን የምበላ ሰው ስለሆንኩ ግን ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስገርመኝ በየጌትዌዩ (የአማተሮችን ሬዲዮ ከኢንተርኔት በሚያገናኘው ማሽን) ውስጥ ተጽፋ የኖረች አንዲት መስመር ናት፦ «ወደ 44.0.0.0/8 የሚሄድ ሁሉ በአማተሮች ታነል ይውጣ»። ታነል አንድ የመረጃ ቁራጭ (ፓኬት) በሌላ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚያልፍበት መንገድ ነው። መስመሯ ለዓመታት ትክክል ነበረች። መመሪያዎች ይጠቅሷት ነበር፣ አንዱ ከሌላው ይቀዳት ነበር፣ ሁለተኛ ጊዜ የሚያያት ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ሩቧ ሐሰት ሆነ። ፓኬት በየት እንደሚሄድ የሚወስነው ራውተር ደግሞ የተጻፈለት መስመር ሐሰት መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የብሎኩ አመጣጥ

አማተር ሬዲዮ ከመንግሥት ፈቃድና የጥሪ ምልክት የወሰዱ ሰዎች ለትርፍ ሳይሆን ለሙያው ፍቅር የሚሠሩበት የሬዲዮ አገልግሎት ነው። መረጃን በፓኬት ቆራርጦ በሬዲዮ መላክን በ1978 ሞንትሪያል ውስጥ የካናዳ አማተሮች ጀመሩት። በዲሴምበር 1980 ሃንክ ማግኑስኪ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ በአሜሪካ የመጀመሪያውን የፓኬት ሪፒተር (የሰማውን ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ) ሥራ አስጀመሩ። በዓመቱም ለአማተሮች የሚሆን የኢንተርኔት አድራሻ አስመዘገቡ። ያኔ አድራሻ እንደ ዛሬው ውድ አልነበረም፤ የተሰጣቸው 16,777,216 አድራሻ የያዘው የ44 ብሎክ ነው።

በአየር ላይ የሚሠራው ፕሮቶኮል ኤኤክስ.25 ይባላል። የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ ቁጥር ሳይሆን የጥሪ ምልክት ነው። በአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተሮች ማኅበር ጣቢያ «ኢቲ3ኤኤ» ተብሎ እንደሚጠራ የሚያውቅ ሰው፣ በኤኤክስ.25 ፓኬት ራስጌ ላይ የሚጻፈውም ይኸው መሆኑን ቢሰማ አይደንቀውም። ከምልክቱ ቀጥሎ ከ0 እስከ 15 የሚደርስ ቁጥር ይጨመርበታል፤ አንድ አማተር በአንድ የጥሪ ምልክት ብዙ መሣሪያ እንዲያሠራ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ፊል ካርን በኤኤክስ.25 ላይ የኢንተርኔት ፕሮቶኮሎችን የሚያስኬድ ሶፍትዌር ጻፉ፤ አማተሮችም በየቤታቸው ኮምፒውተር የራውቲንግ ቴብል (የትኛው መድረሻ በየት እንደሚወጣ የሚናገር ዝርዝር) ማዋቀር ጀመሩ። ከአይፒ አድራሻው ከቁጥሩ ቀጥሎ የምናያት /8 ወይም /24 የምትል አጻጻፍ እንኳ የእኚሁ ሰው ፈጠራ እንደሆነች ይነገራል። ካርን በ2019 ሽያጩን በወሰነው ቦርድ ውስጥም ነበሩ።

የአጻጻፉን ትርጉም እዚህ ማስታወስ ይጠቅማል፤ ጉዳዩ ሁሉ የሚዞረው በእርሱ ላይ ነውና። የአይፒ አድራሻ 32 ቢት ነው። /8 ሲባል የመጀመሪያዎቹ 8 ቢቶች ቋሚ ናቸው፣ የቀሩት 24 እንደፈለጉ ይለዋወጣሉ ማለት ነው። ቁጥሩ በአንድ ባደገ ቁጥር ብሎኩ በግማሽ ያንሳል። ስለዚህ 44.0.0.0/9 የብሎኩ ግማሽ ነው፣ 44.128.0.0/10 ሩቡ፣ የተሸጠው 44.192.0.0/10 ደግሞ የቀረው ሩብ። ራውተር አንድን መድረሻ የሚያሟሉ ሁለት መስመሮች ሲያገኝ ከ«/» በኋላ ያለው ቁጥር የሚበልጠውን፣ ማለትም ጠበብ ያለውን ይመርጣል።

ሙሉ ቴብሉ ለምን በአየር ላይ አይሄድም

በጣም የተለመደው የፓኬት ሬዲዮ ፍጥነት በሴኮንድ 1200 ቢት ነው። 256 ባይት የያዘ ፓኬት ለመላክ ወደ 1.7 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ማሠራጫው ከመቀበል ወደ መላክ እስኪዞር የሚባክነው ጊዜ ሳይቆጠር። ሪፕ በሚባለው የራውቲንግ ፕሮቶኮል ሁለተኛ እትም አንድ መልእክት ቢበዛ 25 መስመር ይይዛል፤ አንዱ ቦታ ለይለፍ ቃል ከዋለ የሚቀረው 24 ነው። አምስት መቶ መስመር ያለው ቴብል በየአምስት ደቂቃው በዚህ ፍጥነት ይተላለፍ ቢባል ከአንድ ደቂቃ በላይ አየሩን ይይዛል። ያም ማንም ሌላ ሰው ሳይናገር ነው፤ አየሩ ግን የጋራ ነው።

ስለዚህ ሥራው ይከፈላል። ከሬዲዮው ጀርባ ያለው ጣቢያ ሦስት ነገር ብቻ ያውቃል፦ በአካባቢው በቀጥታ የሚሰማቸውን ጎረቤቶች፣ የእያንዳንዱ ጎረቤት አይፒ አድራሻ ከየትኛው የጥሪ ምልክት ጋር እንደሚዛመድ፣ እና «ሌላውን ሁሉ ለጌትዌዩ ስጥ» የምትል ነባሪ መስመር። ከባዱ ቴብል ያለው ሬዲዮና ኢንተርኔት በሚገናኙበት ጌትዌይ ላይ ነው።

አንዳንዶች በዚህ ፋንታ ኔትሮም የሚባለውን፣ ጣቢያዎች ስለ ጎረቤቶቻቸው በየጊዜው የሚያውጁበትን ዘዴ ይመርጣሉ። እኔ ብዙም አላምነውም። የአየሩ ጠባይ በተለወጠበት ምሽት ሞገዱ ከወትሮው ርቆ ይሄድና የሩቅ ጣቢያ አዋጅ ይሰማል፤ ቴብሉም ጎረቤት ብሎ ይመዘግበዋል። ጠዋት አየሩ ወደ ቦታው ሲመለስ መስመሩ ጊዜው እስኪያልፍበት ድረስ ይቆያል፣ ፓኬቶችም ወደማይሰማ ጣቢያ ይላካሉ። ጥቂት ጎረቤት ላለው ጣቢያ በእጅ የተጻፈ ቋሚ መስመር ይሻላል ብዬ እከራከራለሁ። በእጅ የተጻፈ መስመርም ቢሆን የራሱ በሽታ አለው፤ የ2019ኙ ጉዳይ ያሳየው ይህንን ነው።

በጌትዌዩ ውስጥ

በየአገሩ የተበተኑት የአማተር ጌትዌዮች በኢንተርኔት ላይ የሚገናኙት አይፒን በአይፒ ውስጥ በመጠቅለል ነው። በ44 የሚጀምር አድራሻ የያዘው ፓኬት በተራ ኢንተርኔት አድራሻ በተጻፈ ሌላ ፖስታ ውስጥ ይገባል፤ ውጫዊው ራስጌ ፕሮቶኮል ቁጥር 4 ይላል፣ 20 ባይትም ይጨምራል። በዚህ የተነሳ 1500 የነበረው የፓኬት መጠን ጣሪያ 1480 ይሆናል። ይህንን የረሳ ሰው ትንንሽ ነገር እያለፈ ትልልቅ ገጽ የሚንጠለጠልበት ችግር ይገጥመዋል፤ መፍትሔው የታወቀ ስለሆነ አልዘገይበትም።

እያንዳንዱ ጌትዌይ የሌሎቹን ሁሉ አድራሻ ማወቅ አለበት። የትኛው ንዑስ ኔትወርክ ከየትኛው ጌትዌይ ጀርባ እንዳለ የሚገልጸው ዝርዝር ዱሮ በፋይል ይሰራጭ ነበር። በኋላ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የሚገኘው ማዕከላዊ ጌትዌይ ዝርዝሩን በሪፕ መልእክት በታነሉ ውስጥ በየአምስት ደቂቃው መላክ ጀመረ። መልእክቱ ሳይመሰጠር ስለሚሄድ የይለፍ ቃሉን ማንም ያነበዋል፤ የመረጡለትም ቃል ይህንኑ የሚናገር ነው፣ ቀልደኞች ናቸው። አንድ አነስተኛ ፕሮግራም መልእክቱን እየተቀበለ የጌትዌዩን ቴብል ያድሳል።

በሊኑክስ ጌትዌይ ላይ ይህ ዝርዝር የሚገባው በዋናው ቴብል ውስጥ ሳይሆን ለብቻው በተከፈተ ቴብል ነው፤ አብዛኛው ሰው ቁጥሩን 44 ያደርገዋል። መቼ ይህን ቴብል መጠየቅ እንዳለበት ለሲስተሙ የሚነግሩት ሁለት ደንቦች ናቸው።

አንደኛው ደንብ መነሻን ያያል፦ ከእኔ የ44 ንዑስ ኔትወርክ የሚነሳ ፓኬት ሁሉ ቴብል 44ን ይጠይቅ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቤት ኢንተርኔት አቅራቢ የራሱ ያልሆነ የመነሻ አድራሻ የያዘ ፓኬት ሲያይ ይጥላል፤ ጥሩ አቅራቢ ከሆነ መጣልም አለበት። በ44 የሚጀምር መነሻ ይዞ በቀጥታ መውጣት ስለማይቻል በታነል ተጠቅልሎ መውጣት ግድ ነው።

ሁለተኛው ደንብ መድረሻን ያያል፦ ወደ 44.0.0.0/8 የሚሄድ ሁሉ ቴብል 44ን ይጠይቅ። በቴብሉ ውስጥ ለመድረሻው የተለየ መስመር ካለ ወደዚያ ጌትዌይ ይላካል። ከሌለ ወደ ሳን ዲዬጎ የሚልከው ነባሪ መስመር ይወስደዋል።

ሪፕ የሚያመጣቸው መስመሮች በራሳቸው ይታደሳሉ። ጌትዌይ ቢጨመር ቢቀነስ፣ የአንዱ አድራሻ ቢለወጥ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉም ያውቃል። ሁለቱ ደንቦች ግን ሲስተሙ ሲነሳ በሚሮጥ ስክሪፕት ውስጥ በሰው እጅ የተጻፉ ናቸው። ቴብሉን በየአምስት ደቂቃው የሚያድስ ዘዴ ተበጅቶ ወደ ቴብሉ የሚያስገባው በር ግን ማንም እንዳይነካው ሆኖ ቀረ።

ብልሽቱ ሲታይ

በሽያጩ ማግስት ምንም አልተሰበረም። አማዞን የገዛውን ሩብ ለሁለት ከፍሎ 44.192.0.0/11ን ለሰሜን ቨርጂኒያ፣ 44.224.0.0/11ን ለኦሪጎን የክላውድ ማዕከሎቹ መደበ። ችግሩ የሚመጣው አንድ ድረ ገጽ ወይም የስልክ መተግበሪያ ከእነዚህ አድራሻዎች በአንዱ ላይ ሲያርፍ ነው። ይህም በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ፣ ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው እየሆነ የሚከሰት ነገር ነው፤ ምርመራውን ያከበደውም ይኸው ነው።

በአንድ አማተር ቤት ውስጥ እንዲህ ይሆናል። የቤቱ ራውተር ጌትዌይም ነው፤ የቤተሰቡ ኮምፒውተሮች በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ ይዘው ከኋላው ተቀምጠዋል። አንዱ ኮምፒውተር ድረ ገጽ ለመክፈት ስሙን ይጠይቃል፤ በ44.230 የሚጀምር አድራሻ ይመለስለታል። ፓኬቱ ራውተሩ ዘንድ ይደርሳል። የመጀመሪያው ደንብ አይመለከተውም፣ መነሻው 44 አይደለምና። ሁለተኛው ደንብ ይይዘዋል፣ መድረሻው በ44 ይጀምራልና። ቴብል 44 ውስጥ ለ44.230 የተለየ መስመር የለም። ነባሪው መስመር ይወስደውና በፕሮቶኮል ቁጥር 4 ተጠቅልሎ ወደ ሳን ዲዬጎ ይላካል፤ ውስጠኛው መነሻ አድራሻ ግን አሁንም 192.168.1.20 ነው። በኢንተርኔት ላይ ወደ 192.168.1.20 መልስ የሚመለስበት መንገድ የለም። ፓኬቱ የትም ቢደርስ መጨረሻው ያው ነው።

ከኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ሰው የሚያየው የማይከፈት ገጽ ብቻ ነው። የስህተት መልእክት የለም፣ «መንገዱ ተዘግቷል» የሚል ምላሽ የለም፣ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ሌላው ገጽ ሁሉ ይከፈታል። ያው ገጽ በስልክ ዳታ ይከፈታል። ስለዚህ ጥርጣሬው መጀመሪያ በድረ ገጹ ላይ፣ ቀጥሎ ስምን ወደ አድራሻ በሚለውጠው የስም አገልጋይ ላይ፣ ከዚያ በኢንተርኔት አቅራቢው ላይ ይወድቃል። የቤቱ ራውተር የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ስላዋቀረው። የመንገድ መከታተያ ትእዛዝ ቢሰጥ የመጀመሪያው ነጥብ ራውተሩ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ መልስ የለም የሚል የኮከብ ምልክት ብቻ ነው። እውነቱ የሚወጣው በራውተሩ የውጭ ገመድ ላይ የሚያልፈውን ፓኬት ሲመለከቱ ነው። ወደ ኦሪጎን የሚሄድ ነገር የለም፤ ገጹን ለመክፈት በተሞከረ ቁጥር ወደ ሳን ዲዬጎ የሚወጣ የፕሮቶኮል 4 ፓኬት ይታያል። ይህንን ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ከራውቲንጉ የከፋው

የማይከፈት ድረ ገጽ ያናድዳል እንጂ አይጎዳም። እኔን የሚያሳስበኝ ያችው መስመር በፋየርዎል (ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለውን በሚወስነው ማጣሪያ) ውስጥም መኖሯ ነበር።

የአሜሪካ የአማተር ሬዲዮ ደንብ የመልእክትን ትርጉም ለመሰወር ተብሎ የሚደረግ ምስጠራን ይከለክላል፤ የሌሎች ብዙ አገሮች ደንብም ተመሳሳይ ነው። በዚህ ምክንያት በአማተር ኔትወርክ ላይ መተማመን የተመሠረተው በይለፍ ቃልና በምስጠራ ላይ ሳይሆን ባብዛኛው በአድራሻ ላይ ነበር። በ44 የሚጀምር አድራሻ የያዘ ሰው ፈቃድ ያለው አማተር ነው፤ ይግባ። የሪፒተር መቆጣጠሪያ፣ የተራራ ላይ ካሜራ፣ የድምፅ ማገናኛ አገልግሎት፣ የመልእክት ሳጥን፣ ብዙዎቹ «ከ44.0.0.0/8 ለሚመጣ ፍቀድ» በምትል መስመር ይጠበቁ ነበር።

ከሽያጩ በኋላ ከአማዞን ላይ ሰርቨር የሚከራይ ማንኛውም ሰው በ44 የሚጀምር አድራሻ ሊደርሰው ይችላል። የክሬዲት ካርድ እንጂ የጥሪ ምልክት አይጠየቅም። ይህች የፋየርዎል መስመር ሳትታረም የቀረችበት ጣቢያ በሩን ለሦስተኛ ወገን ከፍቶ ተቀምጧል፤ የራውቲንግ ስህተት ቢያንስ ባለቤቱን አስቸግሮ ራሱን ያጋልጣል፣ ይህ ግን ማንንም አያስቸግርም።

ተቃራኒውም አለ። ብዙ ጌትዌዮች በውጭው ገመድ ላይ ከ44.0.0.0/8 መነሻ ይዞ የሚመጣን ፓኬት ይጥላሉ፤ እውነተኛ አማተር በታነል እንጂ በቀጥታ አይመጣም በሚል። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ነገር ግን ራውቲንጉን ብቻ ያስተካከለ ሰው ጥያቄው ወደ ኦሪጎን በትክክል ሲወጣ ያይና መልሱ ሲመለስ በዚህ ማጣሪያ ይያዝበታል። ገጹ አሁንም አይከፈትም፤ ሰውየውም «ራውቲንግ አልነበረም ማለት ነው» ብሎ የተሳካውን ጥገና ያፈርሰዋል። የሊኑክስ የመመለሻ መንገድ ማረጋገጫም ከነጥብቅ ጠባዩ በርቶ ከሆነ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል፦ ለመነሻው አድራሻ የሚያውቀው መንገድ በታነሉ በኩል ከሆነ በሌላ ገመድ የመጣውን ፓኬት ይጥለዋል።

ጥገናው

ጥገናው በራሱ ቀላል ነው። 44.0.0.0/8 የምትለዋ መስመር ትጠፋና በቦታዋ ሁለት ይገባሉ፦ 44.0.0.0/9 እና 44.128.0.0/10። የመጀመሪያዋ ከ44.0 እስከ 44.127፣ ሁለተኛዋ ከ44.128 እስከ 44.191 ይሸፍናሉ። በድምሩ 12,582,912 አድራሻ፤ ለአማተሮች የቀረው ይህ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። አሮጌዋን መስመር እንዳለች ትቶ፣ በቴብል 44 ውስጥ ለ44.192.0.0/10 «ትሮው» የሚባለውን ዓይነት መስመር መጨመር ይቻላል፤ ይህ መስመር ሲስተሙን «እዚህ ቴብል ውስጥ መፈለግህን ተው፣ ወደሚቀጥለው ደንብ እለፍ» ይለዋል። ፓኬቱ ወደ ዋናው ቴብል አልፎ በተራው ኢንተርኔት ይወጣል። ይሠራል፣ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚጨመረው፣ የቸኮለ ሰው ይወደዋል። እኔ አልመክረውም። ውሸቷን ትቶ ማስተባበያ መጨመር ነው። ነገ ስክሪፕቱን የሚያነብ ሌላ ሰው /8ን አይቶ ወደ ፋየርዎሉ ይቀዳታል፣ ማስተባበያዋ ግን አብራ አትሄድም።

የትኛውም ቢመረጥ ፍለጋው ከራውቲንግ ደንቡ መዝለል አለበት። ፋየርዎሉ፣ የአድራሻ መተርጎሚያው፣ የቢጂፒ (ኔትወርኮች መንገዳቸውን እርስ በርስ የሚያውጁበት ፕሮቶኮል) ማጣሪያው፣ የድረ ገጽ ሰርቨሩ የፈቃድ ዝርዝር፣ የመልእክት ሰርቨሩ፣ ሁሉም «44.0.0.0/8» ወይም በአሮጌው አጻጻፍ «44.0.0.0 ከ255.0.0.0 ጋር» የሚል ነገር ሊይዙ ይችላሉ። በሁለተኛው አጻጻፍ የተጻፈው በፍለጋ ብዙ ጊዜ ያመልጣል።

የጀርመኖቹ ዕዳ

ከተሸጠው ሩብ አብዛኛው ሰው ያልሰፈረበት ነበር። በእርግጥ ይሠራበት የነበረው ሃምኔት ነው፤ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በአካባቢው አገሮች ከተራራ ተራራ በማይክሮዌቭ የተዘረጋ ፈጣን የአማተር ኔትወርክ። ጀርመኖቹ የሚጠቀሙበት 44.224.0.0/15 ሙሉ በሙሉ ከተሸጠው ውስጥ ወደቀ፤ 131,072 አድራሻ። በምትኩ 44.148.0.0/15 ተሰጣቸው።

ሁለቱ ብሎኮች እኩል መጠን ስላላቸው ለውጡ በወረቀት ላይ የሚያምር ነው። 44.224 የነበረው 44.148 ይሆናል፣ 44.225 የነበረው 44.149፤ የቀሩት ሁለት ቁጥሮች አይነኩም። በቦታው ግን ራውተሩ በተራራ ማማ ላይ ነው፣ ወደ እርሱ የሚያደርሰውም ያው የሚለወጠው አድራሻ ነው። በርቀት ሆኖ የአንዱን ጫፍ አድራሻ የለወጠ ሰው ሁለተኛውን ጫፍ ሳይነካ ራሱን ይቆልፋል፤ ከዚያ መኪና አስነስቶ ተራራ መውጣት ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራው አዲሱን ከአሮጌው ጎን በመትከል ነው። በአንዱ ገመድ ላይ ሁለተኛ አድራሻ ይጨመራል፤ በሁለቱም ጫፍ አዲሱ መሥራቱ ይረጋገጣል፤ የቢጂፒ ግንኙነቱ በአዲሱ አድራሻ ይነሳል፤ አዲሱ ብሎክ ይታወጃል፤ አሮጌው ከስም አገልጋዩ ይወጣል፤ ከሁሉ በኋላ አሮጌው አድራሻ ይነቀላል። በሃምኔት ላይ ብዙ የሚታዩት የማይክሮቲክ ራውተሮች «ሴፍ ሞድ» የሚባል ነገር አላቸው፤ ለውጥ በሚደረግበት ጊዜ የአሠሪው ግንኙነት ከተቋረጠ ራውተሩ ለውጡን ራሱ ይመልሰዋል። ያለ እርሱ የማማ ራውተር መንካት ድፍረት ሳይሆን ግዴለሽነት ነው።

በሽግግሩ ወቅት የጠባቡ መስመር ደንብ ሌላ ጠባይ ያሳያል። አሮጌው /15 ከቴብሉ እስካልወጣ ድረስ፣ ጌትዌዩ 44.192.0.0/10ን በትሮው ቢያስወጣም፣ /15 ከ/10 ስለሚጠብ ፓኬቱን ወደ ተራራው ይወስደዋል። ስለዚህ አንድ የተረሳ ማማ አሮጌውን ብሎክ በቢጂፒ ማወጁን ከቀጠለ፣ ቴብሉን የሚቀበሉት ሁሉ በዚያ ክልል የሚገኙ የኦሪጎን ሰርቨሮችን ያጣሉ፤ የራሳቸው ውቅር እንከን ባይኖረውም። ማጥፋቱ ከመትከሉ እኩል ሥራ መሆኑን ማሳመን ግን ከባድ ነው፤ አዲሱ ሲሠራ ያየ ሰው አሮጌውን ለመንቀል አይቸኩልም።

ገንዘቡና ቅሬታው

አድራሻውን የሚያስተዳድረው አርዲሲ በ2011 በካሊፎርኒያ የተቋቋመ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። በሽያጩ ጊዜ በቦርዱ ውስጥ ብሎኩን ለረጅም ዓመታት ያስተዳደሩት ብራያን ካንቶር፣ ፊል ካርን፣ ጆን ጊልሞር፣ ብዴል ጋርቢ እና የኢንተርኔት ልኬት ተመራማሪዋ ኬሲ ክላፊ ነበሩ። ድርጅቱ ከሽያጩ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ። ገንዘቡ ቋሚ ተቀማጭ ሆኖ ከትርፉ እርዳታ ይሰጥበታል፤ በ2021 በኤምአይቲ አንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ያለውን ትልቅ የአንቴና ጉልላት ከመፍረስ ለማዳን የተሰጠው 1.6 ሚሊዮን ዶላር ከዚያ ነው። ካንቶር ሽያጩ በተፈጸመበት ዓመት በኖቬምበር አረፉ።

ሌላም ተጠቃሚ ሩቡን አጥቷል። ማንም ያልሰፈረበት የ44 አድራሻ ላይ የሚመጣ ትራፊክ ባብዛኛው የትል ሶፍትዌርና የጥቃት ፍለጋ ስለሆነ፣ የሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች ባዶውን ቦታ እንደ ቴሌስኮፕ ይጠቀሙበት ነበር። በ2001 ኮድ ሬድ የተባለው ትል በ14 ሰዓት ውስጥ ከ359,000 በላይ ኮምፒውተሮችን መያዙን የለኩት በዚህ ዓይነት ምልከታ ነው።

ቅሬታው የበዛው በዋጋው ሳይሆን በአካሄዱ ነው፦ ድርድሩ በምስጢር ተይዞ አማተሮቹ የሰሙት ካለቀ በኋላ ነው። በሽያጩ ውሳኔ ላይ ከቦርዱ ጋር አልጣላም፤ ባዶ የተቀመጠ ሩብ ዋጋ ባለው ጊዜ መሸጡ የሚያስነቅፍ አይመስለኝም። የውል ምስጢር መኖሩም ይገባኛል። ነገር ግን በዜናው ዕለት «ስክሪፕታችሁ ውስጥ /8ን ፈልጉ፣ በእነዚህ ሁለት ተኩ፣ ፋየርዎሉንም እዩ» የሚል ባለ አንድ ገጽ መመሪያ ሽያጩን ካሳወቀው ደብዳቤ ፊት ቢቀድም ኖሮ፣ ስለ ውክልናና ስለ ገንዘብ የተደረገው ክርክር ሲጧጧፍ ሥራው በጎን ባለቀ ነበር።

ዛሬ ጌትዌይ የሚያዋቅር ሰው

ከሽያጩ በፊት የተጻፉ መመሪያዎች አሁንም ይገኛሉ፤ /8ን እንዳለች ይዘዋል። ስለዚህ የራሱን ጌትዌይ የሚያነሳ ሰው ቀድቶ ከጨረሰ በኋላ ራውተሩን ራሱን መጠየቅ አለበት። ሊኑክስ ለአንድ መድረሻ የትኛውን መንገድ እንደሚመርጥ የሚናገር ትእዛዝ አለው። መጀመሪያ በ44.1 ለሚጀምር አድራሻ ይጠየቅ፤ መልሱ የታነሉን ገመድ መጥራት አለበት። ቀጥሎ በ44.150 ለሚጀምር፤ ያም በታነል። ቀጥሎ በ44.200 እና በ44.230 ለሚጀምሩ፤ መልሱ የኢንተርኔት አቅራቢውን መንገድ ካልጠራ ስክሪፕቱ ውስጥ /8 ተቀምጣለች።

ከዚያ ያው ጥያቄ መነሻውን የራስን የ44 አድራሻ አድርጎ ይደገም። አሁን ወደ 44.230 የሚሄደውም በታነል መውጣት አለበት፤ የመነሻው ደንብ ስለሚይዘው ነው፣ ስህተትም አይደለም። እዚህ ላይ ግራ ተጋብቶ የመነሻውን ደንብ የሚያጠፋ ሰው የ44 አድራሻ የያዙ መሣሪያዎቹን ሁሉ ከኢንተርኔት ያስወጣቸዋል።

የመጨረሻው ፈተና ከውጭ ነው፦ አማዞን ላይ ለአንድ ሰዓት ሰርቨር ተከራይቶ፣ በ44 የሚጀምር አድራሻ ከደረሰ፣ ወደ ራስ ሪፒተር መቆጣጠሪያ መግባት መሞከር። ከከፈተ ፋየርዎሉ አልታረመም።